ማዳበሪያ የሚባለው ከረጢትና የዋልካው መሬት፤ ተማሪዎች አፈሩን በገዛ እጃቸው ይመርምሩት

ከገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ በገላባትና በመተማ ዮሐንስ አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃ የሚጓዝ መንገደኛ በኅዳር ወር በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው ነገር ወሰኑን ቢሻገርም አይለወጥበትም። ማሽላው ለአጨዳ ደርሶ ይታያል፤ የሰሊጡ ነዶ በሂላ ቆሞ ደርቆ ተራግፏል፤ ጥቁሩ የዋልካ መሬትም የክረምቱን ውኃ ጨርሶ እንደ አሮጌ ሸክላ መሰንጠቅ ጀምሯል። መንገደኛው ከመኪናው ወርዶ በአውድማው ዳር ጥቂት ቢራመድና ወደ ስንጥቁ አፍ ጎንበስ ብሎ ቢመለከት ደግሞ አያቶቹ በዚያ ስፍራ ያላዩትን አንድ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም ፀሐይ ያደረቀው፥ በጣት ሲነኩት የሚፈረካከስ ነጭ ክር ነው። ክሩ የጥጥ አይደለም፤ የቃጫም አይደለም፤ እህል ተሞልቶበት ከነበረ ከረጢት የተመዘዘ ፕላስቲክ ነው።

የዚህ ከረጢት ስም ላስተዋለው ሰው ራሱ ትምህርት ነው። ቀድሞ እህል በአቅማዳና በስልቻ፥ በኋላም በቃጫ በተሠራ ጆንያ ይጫን ነበር። ፋብሪካ የሠራው የአፈር ማዳበሪያ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ወደ ገበሬው መንደር መግባት ከጀመረ ወዲህ ግን መያዣው የተያዘውን ስም ወረሰ። ዛሬ ገበሬው «ሁለት ማዳበሪያ ማሽላ አለኝ» ሲል ስለ እህሉ መያዣ መናገሩ ነው እንጂ ስለ ዩሪያ መናገሩ አይደለም። ስሙ አንድ ሲሆን ግብሩ ሁለት ነው። አንደኛው ማዳበሪያ በአፈር ውስጥ ሟሙቶ ለሰብሉ ምግብ ይሆናል። ሁለተኛው ማዳበሪያ ግን አይሟሟም፤ እንደ ጭድና እንደ ፍግ በስብሶ ወደ አፈርነት አይመለስም፤ በፀሐይና በማረሻ እየደቀቀ፥ ከዓይን እየተሰወረ፥ ለብዙ ዘመን ይኖራል።

ሊቃውንት ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰውን የፕላስቲክ ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይሉታል፤ በአማርኛ ደቃቅ ፕላስቲክ ቢባል ያስኬዳል። ይህ ስም በዓለም ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዝ አገር የባሕር ሊቅ ሪቻርድ ቶምሰንና ባልደረቦቻቸው በባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ ያገኙትን ስብርባሪ ገልጠው ከጻፉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ምርመራው ሁሉ በባሕርና በዓሣ ላይ ብቻ ያተኮረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የበርሊን ነጻ ዩኒቨርሲቲ መምህር ማቲያስ ሪሊግ «በየብስና በአፈር ውስጥ ያለውስ?» የሚል ጥያቄ ባቀረቡ ጊዜ የአፈር ሊቃውንት ፊታቸውን ወደዚህ ጉዳይ መለሱ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ በ2019 በዓለም ላይ ለሰብልና ለከብት ርባታ ሥራ ብቻ 12.5 ሚሊዮን ቶን የፕላስቲክ ዕቃ መዋሉን አስታውቋል። እንግዲህ ነገሩ የባሕር ጠረፍ ያላቸው አገሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአራሹም ጉዳይ ነው።

ይህም ጉዳይ በገዳሪፍ፥ በመተማና በሑመራ ሜዳ ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ስለ አፈሩ ጠባይ ነው። የዋልካ አፈር ከግማሽ የሚበልጠው ክፍሉ ሸክላ ነው። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በበጋ የሚከፈተው ስንጥቅ የሰው ክንድ የሚያስገባ ሲሆን በብዙ ስፍራ ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። በላዩ ላይ የነበረው ደቃቅ ነገር ሁሉ፥ አፈርም ይሁን ገለባ፥ ነፋስና የከብት ኮቴ እየገፋው ወደ ስንጥቁ ይገባል። ክረምት ሲመጣ አፈሩ አብጦ አፉን ይዘጋል፤ የዋጠውንም ይዞ ይገላበጣል። ስለዚህ ዋልካ ራሱን በራሱ የሚያርስ አፈር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሌላ አገር አፈር ላይ ፕላስቲኩ ከላይ ከላዩ ይፈለጋል፤ በዋልካ ግን ከላይ የጠፋው ነገር ከታች ሊገኝ ይችላል። የላይኛውን ንጣፍ ብቻ ተመልክቶ «መሬቱ ንጹሕ ነው» የሚል ሰው ጎተራውን ሳይከፍት ስለ እህሉ እንደሚመሰክር ሰው ነው።

ፕላስቲኩ ወደዚህ መሬት የሚገባበትም መንገድ ልዩ ልዩ ነው። በገዳሪፍ በኩል እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጋዳምባሊያ በትራክተር የተጀመረው የዝናብ እርሻ ዛሬ እጅግ የሰፋ ሆኗል፤ ይህን ያህል ማሽላና ሰሊጥ የሚሰበሰበው፥ የሚከማቸውና የሚጓዘው በፕላስቲክ ከረጢት ነው። በመተማና በሑመራ በኩል የሰሊጡ ፍሬ በመሬት ላይ እንዳይፈስስ በሸራ ወይም በላስቲክ ላይ እንዲራገፍ ገበሬው ተመክሯል፤ ምክሩም ደግ ምክር ነው፤ ብዙ ሰሊጥ ከመጥፋት አድኗል። ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ላስቲክ ወጥሮ ያድራል፤ ውኃውን በጀሪካንና በሃይላንድ ይይዛል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ሸሽተው ወደ ገዳሪፍ ግዛት የገቡ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፍረው ከፀሐይና ከዝናብ የተጠለሉት በላስቲክ ነው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ስደተኞች መጠለያቸው ያው ላስቲክ ሆነ። ቤቱን ጥሎ የወጣን ሰው ስለ ላስቲኩ የሚወቅስ ኅሊና ያለው ሰው አይገኝም። የሚያስፈልገው ወቀሳ ሳይሆን ዕውቀት ነው፤ ዕውቀቱም በግምት አይገኝም።

ጥያቄው እንግዲህ ይህን ዕውቀት ማን ያመጣዋል የሚለው ነው። መልሱም ሩቅ አይደለም። በገዳሪፍ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ በጎንደርም እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተውና ዛሬ የእርሻ ትምህርት ጭምር የሚሰጥበት ዩኒቨርሲቲ አለ። በሁለቱም የሚማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ናቸው። ነገር ግን ስለ ፕላስቲክ ብክለት የሚሰጥ ትምህርት በመጽሐፍና በሥዕል ብቻ ከቀረ ተማሪው የሚያውቀው ባሕር አቋርጦ የመጣውን ወሬ ይሆናል። በውቅያኖስ ላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ፥ በመረብ የተያዘውን ኤሊ በቃሉ ያጠናል፤ በፈተናም ይጽፋል፤ የአባቱ ማሳ ስንጥቅ ምን እንደ ዋጠ ግን አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ትምህርት ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው።

በገዛ አገር ውኃና መሬት ላይ እንዲህ ያለ ምርመራ ማድረግ የማይቻል ነው የሚል ቢኖር የዝዋይን ሐይቅ ያስታውስ። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሆላንድ አገር የቫኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ሆኖ በዚያ ሐይቅ ዓሦችና ደለል ላይ ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ከተመረመሩትም ዓሦች ውስጥ ከመቶው 35 ያህሉ በሆዳቸው ፕላስቲክ ተገኝቶባቸዋል። በሐይቅ የተቻለው ነገር በማሳም ይቻላል። የእርሻ ትምህርት በእጅ ሥራ መሰጠቱም ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት የተቋቋመው የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ከመጀመሪያው አንሥቶ ማስተማርን፥ መመርመርንና ለገበሬው ማስፋፋትን እንደ ሦስት ጉልቻ በአንድ ምድጃ ያስቀመጠ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ድስቱ አይቆምም።

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው፤ ከሩቅ የሚያስፈራ ነገር ሲቀርቡት ይቀላልና። በመጀመሪያ ተማሪዎቹ አራት ዓይነት ስፍራ ይመርጣሉ፤ አንደኛው ሰሊጥና ማሽላ ለብዙ ዓመት የተወቃበት አውድማ፥ ሁለተኛው በትራክተር ለረጅም ጊዜ የታረሰ ማሳ፥ ሦስተኛው በከተማና በመንገድ ዳር ያለ መሬት፥ አራተኛው ማረሻ ያልነካው ዱር ነው። አራተኛው ከሌለ የሦስቱ ትርጉም አይታወቅም፤ በነፋስ ብቻ የሚመጣው ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያሳየው እርሱ ነውና። ከየስፍራው አፈር የሚወሰደው ከሦስት ጥልቀት ሲሆን ሦስተኛው ከስንጥቁ ውስጥ ይሁን። መቆፈሪያው ብረት፥ መያዣው ቆርቆሮ ወይም ብርጭቆ ይሁን፤ ፕላስቲክን ለመፈለግ በፌስታል አፈር ቋጥሮ መሄድ ራሱ በደል ነው። ልብሱም የጥጥ ሸማ ቢሆን ይመረጣል፤ ከናይለንና ከፖሊስተር ልብስ የሚረግፈው ጭረት ተመልሶ ከሚቆጠረው ጋር ይደባለቃልና።

ሁለተኛው ሥራ በትምህርት ቤቱ የሚፈጸም ነው። አፈሩ በዝግታ ሙቀት፥ ማለት ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ፥ ይደርቃል፤ ብርቱ እሳት ፕላስቲኩን ያኮማትረዋል። ዋልካ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ የሚጠና ስለ ሆነና ፕላስቲኩን በሸክላው ውስጥ ቆልፎ ስለሚይዝ አስቀድሞ ሸክላውን በሚበትን መድኃኒት ተዘፍዝፎ መፍታት ያስፈልገዋል። ከዚያ ጨው እስኪጠግብ ድረስ በተበጠበጠበት ውኃ ውስጥ ይጨመራል። የጨው ውኃ ከተራ ውኃ 1.2 ጊዜ ያህል ይከብዳል፤ አፈሩ ወደ ታች ሲሰጥም ከረጢቱና ፌስታሉ የሚሠሩባቸው ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን ወደ ላይ ይንሳፈፋሉ። የውኃ መያዣው ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ግን ክብደቱ 1.38 ያህል ስለ ሆነ በዚህ ጨው አይነሣም፤ እርሱን ለማንሣት እንደ ዚንክ ክሎራይድ ያለ ከባድ ጨው ይፈለጋል፤ ይህም የሚያቃጥልና በየወንዙ የማይደፋ ነገር ስለ ሆነ መምህሩ በቅርብ ሳይቆጣጠር ተማሪ ሊነካው አይገባም። የተንሳፈፈው ሁሉ ደግሞ ፕላስቲክ አይደለም፤ ሥርና ገለባም ይንሳፈፋልና በሃይድሮጅን ፔሮክሳይድ ይበላል። የቀረው በወረቀት ተጠልሎ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ የሚያጠራጥረውም በጋለ መርፌ ጫፍ ይነካል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል ወይም ይጠቀለላል፤ የጥጥ ክር ግን አይቀልጥም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ለተማሪው ዋናው ትምህርት መቁጠሩ አይደለም፤ ራሱን መጠርጠሩ ነው። ሁለት ልማዶች ከመጀመሪያው ቀን ሊተከሉበት ይገባል። አንደኛው አፈር የሌለበትን ባዶ ዕቃ በዚያው መንገድ ሁሉ ማሳለፍ ነው፤ በባዶው ዕቃ ስምንት ጭረት ቢገኝ ስምንቱ ከመሬቱ ሳይሆን ከቤቱ አየርና ከተመራማሪው ልብስ የመጡ ናቸው። ሁለተኛው ንጹሕ በሆነ አፈር ውስጥ የታወቀ ቁጥር ያለው ቀለማም ፕላስቲክ ጨምሮ ስንቱ ተመልሶ እንደሚገኝ ማየት ነው። 50 ተጨምሮ 35 ከተገኘ መንገዱ ከመቶ 30 ያህሉን ይጥላል ማለት ነው፤ ይህም ሳይደበቅ ከውጤቱ ጎን ሊጻፍ ይገባል። ስለዚህ መምህራኑ ነጥብ ሲሰጡ ብዙ የቆጠረውን ተማሪ ሳይሆን ስሕተቱን የለካውን ተማሪ ያስበልጡ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው ስሕተቱን የደበቀ ተመራማሪም ዕውቀት የለውም።

ተማሪው ቁጥርን ከሚዛን ጋር ማስተያየትም ይማራል። አንድ ሄክታር መሬት እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢወሰድ 2,000 ሜትር ኩብ አፈር ይሆናል፤ ይህም በ1.2 ሲባዛ 2,400 ቶን ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ አፈር ውስጥ አንዲት ስብርባሪ ብቻ ብትኖር በሄክታሩ 2,400,000 ስብርባሪ አለ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው ይደነግጣል። ነገር ግን እያንዳንዷ ስብርባሪ በወርድም በቁመትም 1 ሚሊ ሜትር፥ በውፍረት 0.03 ሚሊ ሜትር ብትሆን የሁሉም ክብደት ተደምሮ 65 ግራም ያህል ብቻ ነው። ባዶ የኩንታል ከረጢት ከዚህ ይበልጥ ይመዝናል። ስለዚህ በአንድ ሄክታር ላይ ተጥሎ የቀረ አንድ ከረጢት ሙሉ በሙሉ ቢደቅቅ እያንዳንዱን ኪሎ አፈር ሊደርሰው ይችላል። ይህ ስሌት ሁለት ነገር ያስተምራል። ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ መደንገጥ እንደማይገባ ያስተምራል፤ ክብደቱን ብቻ አይቶ «አንድ ከረጢት ምን ያደርጋል?» ብሎ መናቅም እንደማይገባ ያስተምራል።

ጉዳቱስ ምንድር ነው ለሚለው ጥያቄ ጥንቃቄ የተሞላበት መልስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በበርሊን በታተመው ምርመራ የፖሊስተር ጭረት የተጨመረበት አፈር ውኃ የመያዝ ጠባዩና የጓሉ ጥንካሬ ተለውጦ ተገኝቷል። በ2016 በታተመ ሌላ ምርመራ የመሬት ትሎች በምግባቸው ውስጥ ፕላስቲክ እጅግ ሲበዛ ዕድገታቸው ቀንሷል፤ የሚሞቱትም ቁጥር ጨምሯል፤ ይህ የሆነው ግን ከምግቡ ከሩብ በላይ የሚሆነው ፕላስቲክ በነበረ ጊዜ ነው። በቻይና ማሳውን በስስ ላስቲክ መሸፈን በተለመደባቸው አውራጃዎች ሳይነሣ የቀረው ላስቲክ ተከማችቶ የሰብሉን ሥርና የውኃውን መንገድ እስከ መከልከል ደርሷል። ከእነዚህ አንዱም በመተማ ዋልካ ላይ የተደረገ አይደለም። ውኃ በሚይዝና በሚሰነጠቅ አፈር ላይ፥ ዝናቡ በሦስትና በአራት ወር ተጀምሮ በሚያልቅበት አገር፥ የአፈሩ ውኃ የመያዝ ጠባይ ጥቂት ቢለወጥ ለማሽላው ትርፍ ይሁን ኪሳራ የሚመሰክረው በዚያው አፈር ላይ የሚደረግ ምርመራ ብቻ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አንደኛው «ሕዝብ በጦርነትና በረሃብ በተጨነቀበት ዘመን ስለ ደቃቅ ፕላስቲክ መቁጠር የጥጋብ ሥራ ነው» የሚል ነው። በመሣሪያ ድምፅ መካከል ተማሪ ለአፈር ሊላክ እንደማይገባ ግልጥ ነው፤ ከአንድ ቆርቆሮ አፈር የአንድ ወጣት ነፍስ ትበልጣለች። ነገር ግን ለመጀመር እስከ ወሰኑ መሄድ አያስፈልግም። የጎንደር ተማሪዎች ከጣና በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ ላይ ተመሳሳይ ጥቁር አፈር አላቸው፤ በዚያ እጃቸውን ያፍታቱ፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ ቆላው ይውረዱ። የረሃቡም ነገር ቢሆን መሬቱን የሚመለከት ነው። ያን ሜዳ ያፈራው ማሽላ በሁለቱም አገሮች የድኻው እንጀራና ኪስራ ነው፤ እንጀራ የሚበላ ሰው ስለ ምጣዱ ቢጠይቅ ጥጋብ አይባልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። ለፕላስቲክ ዓይነት መለያ የሚያገለግለው ትልቁ መሣሪያ በእውነት ውድ ነው። ለመጀመሪያው ትምህርት ግን የሚያስፈልገው ጨው፥ ውኃ፥ ወንፊት፥ የመጥለያ ወረቀት፥ መርፌና በየትምህርት ቤቱ ያለው ማይክሮስኮፕ ነው። የውድ መሣሪያ እጥረት ለመጀመር እንቅፋት ሊሆን አይገባም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ተብሏል። በጨውና በመርፌ በትክክል የተለዩት ስብርባሪዎች ተጠብቀው ቢቀመጡ ሌላ ጊዜ ትልቁ መሣሪያ ባለበት ስፍራ ሊረጋገጡ ይችላሉ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብድ ነው፤ የነጋዴውና የገበሬው ፍርሃት ነው። የመተማና የሑመራ ሰሊጥ ባሕር ተሻግሮ የሚሸጥ ሀብት ነው። አንድ ችኩል ተማሪ በጥቂት ቆርቆሮ አፈር ተነሥቶ «የሰሊጡ መሬት በፕላስቲክ ተበክሏል» ብሎ ቢያወራ ወሬው ከሰሊጡ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል፤ ዋጋው ሲወርድ የሚጎዳውም ዓመት ሙሉ የደከመው ገበሬ ነው። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ስለ ሆነ መልሱ ምርመራውን መተው ሳይሆን ምርመራውን ማጥበቅ ነው። በአፈር ውስጥ መገኘትና በፍሬው ውስጥ መገኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መገኘትና መጉዳትም እንዲሁ። ይህን ልዩነት በጽሑፍ ያልለየ ተማሪ ሥራው ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም። ውጤቱንም ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰማው አፈሩን የሰጠው ገበሬ ሊሆን ይገባል፤ በገዛ ማሳው ላይ የተገኘውን ከሌላ ሰው አፍ መስማት የለበትም።

ሕጉ ከዚህ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለውም መመልከት ይገባል። በኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን የማይበሰብስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ክልከላውን በፌስታል ላይ አጥብቆታል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ነገር ግን ዓይናቸው ያረፈው በገበያ በሚያዘው ፌስታል ላይ ነው፤ የአውድማው ሸራ፥ የእህሉ ከረጢትና የሠራተኛው ላስቲክ ከፌስታሉ ተለይተው ሊታሰብባቸው ይገባል። በእርሻ መሬት ላይ ዋናው ምንጭ የትኛው እንደ ሆነ በቁጥር ከታወቀ የሚወጣው ደንብ ዒላማውን አይስትም። ከፌስታል የመጣው ስስ ቅጠል ይመስላል፤ ከከረጢት የመጣው ጠፍጣፋ ክር ይመስላል፤ ይህን በማይክሮስኮፕ ለይቶ የሚቆጥር ተማሪ ለሕግ አውጪው ከብዙ ንግግር የሚሻል ማስረጃ ያቀርባል።

ምርመራው እስኪፈጸም ድረስም ገበሬው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ለማንም ጉዳት የማያመጡ ጥቂት ነገሮች አሉ። የከረጢቱን አፍ በማጭድ ከመቅደድ ክሩን ፈትቶ መክፈትና ክሩን መሰብሰብ አንዱ ነው። ባዶ ከረጢትንና ሸራን ከፀሐይ አንሥቶ በጥላ ማስቀመጥ ዕድሜውን ያረዝማል፤ በማሳ ላይ ከመድቀቅም ያድነዋል። ሸራው መፈርፈር ከጀመረ በላዩ ሰሊጥ ማራገፍ ይብቃ። ያረጀውን በማሳ ላይ ማቃጠል ግን መፍትሔ አይደለም፤ ጢሱ ለጤና ክፉ ነው፤ ሳይቃጠል ቀልጦ የቀረውም ከአፈር ጋር ይደባለቃል። እህል በብዛት የሚገዙ ነጋዴዎችና የገበሬው ማኅበራት ያረጀውን ከረጢት መልሰው የሚረከቡበት ሥርዓት ቢያበጁ ዋጋው ከሚያድነው መሬት አንጻር ቀላል ነው።

የጎንደርና የገዳሪፍ መምህራን በአንድ ነገር ቢስማሙ ደግሞ ሥራው ሁሉ ዋጋው ይበዛል፤ ይኸውም በአንድ ዓይነት ጥልቀት፥ በአንድ ዓይነት ጨውና በአንድ ዓይነት አቆጣጠር መሥራት ነው። በኢትዮጵያ ጓንግ የሚባለው ወንዝ በሱዳን አትባራ ይባላል፤ ተከዜም ሰቲት ይባላል። የክረምቱ ጎርፍ ከመተማ ማሳ ጠርጎ የሚወስደውን ስብርባሪ በወሰኑ ላይ አቁሞ የሚጠይቀው የለም። ወንዙ ስሙን ቢለውጥም ጭነቱን አይለውጥም። በሁለቱ ወገን የሚማሩት ወጣቶች ፊት ለፊት ለመገናኘት ጊዜው ባይፈቅድላቸው እንኳ በአንድ መስፈሪያ የሰፈሩትን ቁጥር መለዋወጥ ይችላሉ፤ በተለያየ መስፈሪያ የተሰፈረ እህል ግን ሲደመር ጠብ ያመጣል።

ይህን ትምህርት የተማረ ወጣት ነገ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። በመጽሐፍ ብቻ ተምሮ ከሄደ ለገበሬው የሚነግረው ሌላ ሰው የተናገረውን ነው፤ ገበሬውም በትሕትና ሰምቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። በእጁ ዋልካ አፍርሶ፥ በጨው አንሳፍፎ፥ በመርፌ ነክቶ ያየ ከሆነ ግን አንዲት ነጭ ክር ከስንጥቁ አንሥቶ «አባቴ፥ ይህችን በዚህ ጥልቀት ይህን ያህል አግኝተናል፤ እስከዚህ ድረስ እናውቃለን፤ ከዚህ ወዲያ ገና አላወቅንም» ሊል ይችላል። እንዲህ ብሎ የሚናገርን ሰው ገበሬ ያምነዋል። መሬቱ ስንጥቁን በየዓመቱ በክረምት ይዘጋል፤ ተዘግቶ ከተረሳው በፊት መመልከት ይሻላል፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና።